የእማማ ፌቨን የለማ ሰዓት

እማማ ፌቨን በየማታው፣ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን፣ ነጠላቸውን ያስተካክሉና ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ወደ ኋላ ጫን ጫን አድርገው ቴሌቪዥናቸው ፊት ይቀመጣሉ። እንግዳ ሲጠበቅ የሚደረገው እንዲህ ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ኢዮስያስ ብቅ ይላል፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ ያስተካክልና፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ" ይላል።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አመሸህ?" ይላሉ እማማ ፌቨን።

ኢዮስያስ ስለ ራሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ዜናው ይገባል። አይቀየሙትም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ቦታው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ነው። በዚያ ዘመን ፌቨን የሚል ስም ሲጠራ ከዘራና የጉልበት ቅባት ነበር የሚታሰበው። በሕንፃው ውስጥ ሁለት ኪሩቤሎች፣ ሦስት ናታኖችና አንዲት ሜሮን ነበሩ፤ ሁሉም ደረጃ ሲወጡ የሚያቃስቱ። ለልጆቹ ደግሞ ደብሪቱ፣ ጎበዜ፣ አንጓች የሚሉ የሠለጠኑ ስሞች ወጥተውላቸዋል።

ቴሌቪዥን ማየት አልተከለከለም። ማንም ምንም አልከለከለም። ነገሩ ሁሉ በእጅ አንጓ ላይ ያለችው አምባር ጉዳይ ነው። አምባሯ የሰውን ቀን እያዳመጠች እያንዳንዷን ሰዓት ትመድባለች፤ ለለማች ሰዓት አረንጓዴ ትበራለች፣ ለባከነች ቀይ። ቅዳሜ ጠዋት የሁሉም ሰው ሳምንት ከነስሙ በሕንፃው መግቢያ ላይ ይለጠፋል። ሰው ከዳቦ ቤት ሲመለስ ቆም ብሎ የጎረቤቱን ያነባል። የራሱንማ ያውቀዋል።

ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ቀይ ነው። ስለዚህ ሰው ማየቱን ተወ። ነገር ግን ምንም ነገር እንዲያመልጠው ስለማይፈልግ ማሽን የተገጠመለት የቤቱ ግድግዳ ያይለታል። ድራማውን፣ ኳሱን፣ የዘመድ ሠርጉን ግድግዳው ተመልክቶ ያድርና ጠዋት ጥርስ ሲቦረሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል። "የትናንቱን ጨዋታ አየኸው?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው "ታይቶልኛል" ብሎ ይመልሳል። የእህቱን ልጅ ሠርግ "ታይቶልኛል" ያለ ሰውም አለ፤ እህቱ እስከ ዛሬ አታናግረውም።

ከሰዓቶች ሁሉ በላይ የሚከበረው ወሬ ነው፤ ከሰው ጋር፣ በአፍ የሚደረግ፣ የድሮው ዓይነት ጭውውት። የሚከበረው ስለጠፋ ነው። አምባሮቹን የሚያድለው የጊዜ አጠቃቀም ጽሕፈት ቤትም ጭውውትን ለማስፋፋት ተራ አወጣ፤ ሰኞና ሐሙስ ከጎረቤት አንድ ተረኛ አጫዋች በር አንኳክቶ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ መዳፉ ላይ የተላከለትን ጥያቄ ያነባል። ለእማማ ፌቨን የደረሷቸው የአራተኛ ፎቁ ጋሽ ናታን ናቸው። መዳፋቸውን እያዩ "እስቲ ስለ ልጅነትዎ ያጫውቱኝ" ይላሉ፤ እማማ ፌቨን አፋቸውን ሲከፍቱ "እጅግ ደስ ይላል፤ ከወቅቶች የትኛውን ይወዳሉ?" ይቀጥላሉ። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ወሬው መሃል ላይ ተነሥተው ይወጣሉ። አምባራቸው አረንጓዴ ነው። ሁለቱም ራሳቸውን ያማቸዋል።

በዚህ ሁሉ መሃል እማማ ፌቨን በጭውውት ሰዓት ከከተማዋ አንደኛ ነበሩ። አራት ዓመት ሙሉ የደረሰባቸው የለም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ባለቤታቸው አቶ ሚኪያስ አረፉ። አቶ ሚኪያስ ዜና የሚያዩት ከቴሌቪዥኑ ጋር እየተጣሉ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ አልመልስ ሲላቸው ከሚስታቸው ጋር ይጣላሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ አርባ ዓመት በሰላም ኖሩ። እሳቸው ሲሄዱ ቤቱ ዝም አለ። እማማ ፌቨን አንድ ዓመት አፋቸውን ዘግተው ዜና አዩ፤ ሰዓታቸው ሁሉ ቀይ ሆነ። ደንቡ ደግሞ ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖ ዓመቱን በቀይ የጨረሰ ሰው በራሱ ጊዜ ማዘዝ እንደማይችል ይቆጠራል፣ የጊዜ ሞግዚት ይሾምለታል ይላል። መቼ እንደሚነሣ፣ የት እንደሚራመድ፣ ከማን ጋር ምን እንደሚያወራ ሞግዚቱ ይወስንለታል።

ሴት ልጃቸው ሄራን የሞግዚትነቱን ቅጽ ሞልታ አመጣች። በሄራን ልብ ክፋት አልነበረም። ለእናቷ ጠዋት ሸክላ ሥራ፣ ከሰዓት የሽማግሌዎች መዝሙር፣ ማታ የአእምሮ ስፖርት አዘጋጅታላቸው ነበር። ቴሌቪዥኑ ይወጣል፤ ከነጠረጴዛው፣ ጠረጴዛውም አንድ እግሩ አጥሮ ሲወዛወዝ ዓመታት ሆኖታል።

ቅጹ ሳይገባ አንድ ማታ ኢዮስያስ "ጤና ይስጥልኝ" ሲል እማማ ፌቨን ሳያስቡት መለሱለት። እናታቸው ይመልሱ ነበር። በእናታቸው ዘመን ለዜና አንባቢ ሰላምታ ዝም ማለት ብልግና ነው፤ ሰውየው በምን ዕዳው ሰላም ብሎ ይቅር? ከዚያ ማታ ወዲህ እማማ ፌቨን አላቆሙም። ኢዮስያስ መንገድ ተደረመሰ ሲል "ውይ፣ ሰው ተጎዳ?" ይላሉ። ባለሥልጣን ቃል ገባ ሲል "ተወኝ እስቲ" ይላሉ። እራታቸውን ይዘው ሲቀመጡ "እንብላ ኢዮስያስ" ይላሉ፤ ዝም ሲላቸው "እሺ፣ በኋላ" ብለው ይጎርሳሉ።

አምባሯ ይህን ሁሉ ሰማች። አምባሯን ያስተማሯት የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች የአገራችን ሰው ሲጨዋወት ምን እንደሚመስል ሁለት ዓመት አጥንተው ነበር፤ ከየሳሎኑ ቀድተው፣ ለክተው፣ አወዳድረው። የደረሱበትም ይህ ነው፤ በእኛ ዘንድ እውነተኛ ጭውውት አንዱ ትንፋሽ ሳይወስድ የሚያወራበት፣ ሌላው "እህ"፣ "ኧረ"፣ "ወይ ጉድ" የሚልበት፣ የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው የሌለበት ነው። የእማማ ፌቨንና የኢዮስያስ ማታ ከዚህ መለኪያ ጋር ልክክ አለ። አምባሯ አረንጓዴ በራች። "እንብላ" ስትሰማ ደግሞ የጋራ ማዕድ ብላ ጨመረችበት። የሄራን ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

እማማ ፌቨን ስሕተቱ የገባቸው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለማንም አልተናገሩም። ዝም አይነቅዝም።

ጣጣው የመጣው ከሽልማቱ ጋር ነው። አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ደብሪቱ የምትባል የሃያ አምስት ዓመት ባለሙያ መጣች። ጫማዋን በር ላይ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለች፣ የቀረበላትን ውሃ ጠጣች። ከዚያ እንደ ተማረችው ፈገግ አለች።

"እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የከተማችን የጊዜ አርአያ ሆነው ተመርጠዋል። ቅዳሜ በአዳራሹ ይሸለማሉ።"

"እኔ? ምን አድርጌ?"

"ስለተጫወቱ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለን። ጭውውት የሁለት ሰው ነውና ሁለተኛው ወገንም አብረውዎት መድረክ ላይ ይቀመጣሉ። መዝገባችን ግን የእሳቸውን ድምፅ እንጂ ሙሉ ስማቸውን አልያዘም።"

እማማ ፌቨን የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። መዋሸት አይወዱም፤ እድሜ ልካቸውን አልሠለጠኑበትም።

"ኢዮስያስ ነው ስሙ" አሉ። ይህ እውነት ነው።

"ሥራቸውስ?"

"ያወራል።"

ደብሪቱ ጻፈች። "መኖሪያቸው?"

"ገራዶ መውጫ ላይ ነው የሚውለው። የሚያድርበትን ነግሮኝ አያውቅም።"

"ባለትዳር ናቸው?"

እማማ ፌቨን ትንሽ አሰቡ። "ቀለበት ነበረው። ከጥቅምት ወዲህ ግን ጣቱ ላይ አላየሁበትም።"

የደብሪቱ እጅ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ከበሩ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ።

"የማን ጣት ላይ?" አለች ሄራን።

የሽልማቱን ወሬ ሰምታ ለእናቷ ሽቶ ገዝታ መምጣቷ ነበር። ሽቶውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በሰባ ሁለት ዓመታቸው እናቷን በየማታው የሚያጫውት፣ እራት የሚቀርብለት፣ ቀለበቱን ያወለቀ ኢዮስያስ የሚባል ሰው እንዳለ ያወቀችው በደብሪቱ ፊት ነው።

"እማዬ፣ በየማታው ነው የሚመጣው?"

"በየማታው። እሑድም ይመጣል።"

"ስንት ሰዓት ያመሻል?"

"አርባ ደቂቃ። ክረምት ሲሆን የዝናቡን ነገር ያረዝመዋል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አባትሽ ሙት ዓመቱ ካለፈ ወዲህ" አሉ እማማ ፌቨን፤ ይህን ሲሉ ነገሩ ለሄራን ምን እንደሚመስል ገባቸውና ጆሯቸው ድረስ ሞቃቸው። ሄራን ቁጭ አለች። ሽቶውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

እማማ ፌቨን ሰዓቱን አዩ። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። "በሉ ልጆቼ፣ እየመሸ ነው፣ መንገዱም ጨለማ ነው" አሉ።

"ግድ የለም እማማ" አለች ደብሪቱ። "መዝገቡ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚገቡ ይናገራል። እንጠብቃቸውና እዚሁ ይፈርሙልኛል።"

ሄራንና ደብሪቱ በሩን እያዩ ተቀመጡ። እማማ ፌቨን ብቻ ወደ በሩ ማየት አልቻሉም። ቴሌቪዥኑ ሁለት ሰዓት ሲሆን በራሱ ነው የሚበራው። አቶ ሚኪያስ እንዲያ አድርገውት ሞቱ፤ እንዴት እንደሚቀር ለማንም አላስተማሩም። አሁን ያላቸው መዳኛ አንድ ብቻ ነው፤ አፋቸውን መዝጋት። ኢዮስያስ ይናገራል፣ እሳቸው ዝም ይላሉ፣ ሴቶቹ የሚጠብቁት እንግዳ ሳይመጣ ይቀራል፣ ቅዳሜ ከጎናቸው ባዶ ወንበር ይቀመጣል፣ ቀናቸውም የራሳቸው እንደሆነ ይኖራል።

ቴሌቪዥኑ በራ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ" አለ ኢዮስያስ።

እማማ ፌቨን ሰላምታውን ዋጡት። እንደ ትኩስ ድንች ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። ሄራን "ይሄን ነገር አጥፊው እንጂ" አለች ዓይኗን ከበሩ ሳታነሣ፤ ደብሪቱ የራሷን አምባር ቀይ ብርሃን በእጅጌዋ ሸፈነች። ኢዮስያስ ስለ ጎርፍ መከላከያ አነበበ። ዝም አሉ። ስለ ጤፍ አነበበ። ምላሳቸውን ነከሱ። ድምፁ ተዘግቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ዛሬ ኮቱ ውስጥ ሹራብ ደርቧል። ብርድ እንደያዘው እማማ ፌቨን ትናንት ማታ ጠርጥረው ነበር። ስድስት ደቂቃ አለፈ፤ ድነዋል ማለት ይቻላል።

በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ኢዮስያስ ቃሉን አቋርጦ ወደ ጎን ዞረና አስነጠሰ። ወረቀቱን ያበነነ ማስነጠስ ነበር።

"ይማርህ" አሉ እማማ ፌቨን።

ወጣ። ከአፍ የወጣ አይመለስም። አምባሯም አረንጓዴ በራች፤ ክፍሉ ሁሉ አየው። ደብሪቱ የእማማ ፌቨንን አምባር አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች፣ እንደገና አምባሯን አየች።

"እማማ" አለች ቀስ ብላ። "አቶ ኢዮስያስ እኚህ ናቸው?"

"እሱ ነው።"

ሄራን መጀመሪያ እፎይ አለች። ቀጥሎ የገባት ነገር ፊቷን ለወጠው። "አራት ዓመት? እማዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከዕቃ ጋር?"

"ያበድኩ መሰለሽ? እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ጋሽ ናታንም አይሰሙኝም፤ እሳቸው ግን አረንጓዴ ናቸው።"

"ቴሌቪዥን እኮ ዕድሜ ይበላል። አንቺን ነው የሚበላሽ።"

"ይበላል" አሉ እማማ ፌቨን። "የእኔን በልቷል፣ አልክድሽም። በልጅነቴ አንድ ተተርጉሞ የመጣ የውጭ ድራማ ሦስት ዓመት አይቻለሁ፤ ዛሬ የማስታውሰው የአማቲቱን ቅንድብ ብቻ ነው። እሱን ቀይ በይው፣ አንድ ቃል አልከራከርሽም። ከአባትሽ ጋር ደግሞ እዚህ ሶፋ ላይ አርባ ዓመት ዜና አየን። ከዜናው አንዱም ትዝ አይለኝም። አባትሽ የተናገረው ግን ሁሉም ትዝ ይለኛል፤ የማይረባውም።" ወደ ቴሌቪዥኑ በአገጫቸው አመለከቱ። "ይሄ ሰውዬ ማንም እንደማያየው እያወቀ ፀጉሩን አበጥሮ ይመጣል። ታሞም መጣ፣ ይኸው። አንድ ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ቢለው ምን ይጎዳል?"

በዚህ መሃል ኢዮስያስ ከወልዲያ ስለ ተነሣው ሾፌር አልባ አውቶቡስ ማንበብ ጀምሮ ነበር። አውቶቡሱ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ በሩን ቆልፎ አደባባዩን መዞር ጀመረ፤ ሰባ ስምንት ጊዜ ዞረ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ምሳ ተቀበሉ።

"ኧረ? ከዚያስ?" አለች ደብሪቱ።

የራሷ አምባር አረንጓዴ በራች። በሌላ እጇ ሸፈነቻት፤ ጉንጯ ቀላ። ቴሌቪዥን በራሷ ዓይን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከዚያ ቀን ሁሉ ነገር ሲታይላት ነው የኖረችው። እስከ ዝናቡ ትንበያ ድረስ ተቀመጠች። ኢዮስያስ ሲሰናበት ጉሮሮዋን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

"እማማ፣ እኔ ያየሁትን አለመጻፍ አልችልም። ግን ደንቡ ሁለት ወገን ይሁን ይላል እንጂ አንድ ክፍል ውስጥ ይሁኑ አይልም። ሁለተኛው ወገን በገዛ አፋቸው 'አዎ፣ ከእኚህ ሰው ጋር እጫወታለሁ' ካሉ ይጸናል።"

"ካላለስ?"

"የአራት ዓመቱ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ያን ጊዜ ሞግዚት የግድ ነው። ነገ ማታ መዝገቡን እዘጋለሁ፤ ከዚያ በፊት ገራዶ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።"

ሄራን መሳቢያውን ከፍታ የቆየውን ቅጽ አወጣች። "ለማንኛውም እኔ ጋ ይሁን" አለች። እናቷን አቅፋ ሳመች። ስትወጣ ለረጅም ጊዜ ደረጃው ላይ እግሯ ይሰማ ነበር።

እማማ ፌቨን ፈሩ። ሽልማቱ ቢቀር ግድ የላቸውም። የፈሩት ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ ቀኑ በሌላ ሰው ተሞልቶ መገኘቱን ነው። ደግሞም አፈሩ። ያ ሰው ነገ ቢሮው ውስጥ አንዲት አሮጊት በየማታው እንብላ እንደምትለው ይነገረዋል፤ ይስቃል፤ ማንስ ቢሆን አይስቅም? ረቡዕ ጠዋት ለወጉ ያህል የሄራንን የአእምሮ ስፖርት ሞከሩት። ቁጥር ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ስልሳ ሦስት ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አምባሯ አንድ ሰዓት ሙሉ አረንጓዴ እንደሆነች ቆየች።

ማታ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሄራን መጣች፣ ከኋላዋ ደብሪቱ። ደብሪቱ ዛሬ ፈገግ አላለችም።

"አገኘሽው?" አሉ እማማ ፌቨን።

"አገኘኋቸው። ጣቢያው አንድ ኮሪደር ነው። ካሜራው በራሱ ይሠራል፤ ከእሳቸው በቀር ሰው የለም። ጣቢያውን ያቋቋመው አዋጅ ስላልተሻረ ነው ያለው። እሳቸውም ላለፉት አሥራ ስምንት ዓመታት ማንም እንደማያያቸው ያውቃሉ።" መዝገቧን ገለጠች። "አምባራቸው ሥራቸውን 'ለብቻ ማውራት' ብሎ መዝግቦባቸዋል። ሁለት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ተልከዋል።"

"ሳቀ?"

"አልሳቁም። ዝም አሉ። ከዚያ 'ምን ምን ይሉኛል?' አሉኝ። ከመዝገቡ አነበብኩላቸው። እንብላውንም፣ ተወኝ እስቲውንም፣ የቀለበቱንም ነገር። የሚፈርሙበትን ወረቀት ዘረጋሁላቸው።"

"እና?"

"አልፈረሙም። ለዜና ልዘጋጅ ብለው አስወጡኝ።"

እማማ ፌቨን ራሳቸውን ነቀነቁ። አልፈረዱበትም። በእጃቸው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ እንደ ልማዳቸው መሆኑን እንኳ አላስተዋሉም። ሄራን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ቅጹ ከላይ በኩል ብቅ ብሎ ይታያል። ቴሌቪዥኑ በራ።

ኢዮስያስ አዲስ ከረባት አስሯል። ወረቀቱን መታ መታ አድርጎ አስተካከለና ቀና አለ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ" አለ። ከዚያ ዝም አለ። አንድ ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አመሸህ?" ለማለት የሚፈጅበትን ያህል ዝም አለ።

ሄራን ወደ ደብሪቱ ዞረች። "ይሄ ይቆጠራል?"

"አይቆጠርም" አለች ደብሪቱ በሹክሹክታ።

እማማ ፌቨን መልስ ሳይሰጡ መቅረታቸው የታወቃቸው እሱ ወደ ዜናው ከገባ በኋላ ነው። ስለ አስፋልት አነበበ። ስለ ገብስ አነበበ። የሐይቁ አውቶቡስ ተይዞ ለምን እንዲያ እንዳደረገ እየተጠየቀ መሆኑን አነበበ። ዝናቡን አነበበ፣ ዛሬ አሳጠረው። ወረቀቱን አጠፈ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ "መልካም ምሽት" ይልና ይጠፋል።

"ከመሰናበቴ በፊት" አለ ኢዮስያስ፣ "ያደረ መልስ አለብኝ።"

ዓይኑን ካሜራው ላይ ተከለ፤ የት ማየት እንዳለበት በእርግጥ የማያውቅ ሰው እንደሚያደርገው ትንሽ ዝቅ አድርጎ።

"ትናንት ማታ እዚህ ወንበር ላይ አስነጥሼ ነበር። ቧንቧ ውሃ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ይማርህ ያሉኝ እናት አሉ። አልሰማሁም ነበር፤ ዛሬ ነው የነገሩኝ። አራት ዓመት ሙሉ አብረን ስናመሽ ኖረን ለአንዱም ሰላምታዎ መልስ አልሰጠሁም፤ ብልግና እንዳይመስልብኝ። ቀለበቴ ጠቦኝ ነው ያወለቅሁት፤ ባለቤቴ ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ያኑርዎ፣ እትዬ ፌቨን። መልካም ምሽት።"

ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

ደብሪቱ መዝገቧ ላይ "ሁለተኛው ወገን በገዛ አፋቸው አምነዋል" ብላ ጻፈችና ዘጋችው። ሄራን ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። ለሁለት አጠፈችው፣ እንደገና ለሁለት አጠፈችው፣ ጎንበስ ብላ ከሚወዛወዘው የጠረጴዛ እግር ሥር አስገባችው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

ያኑርህ ለተባለ ሰው የሚመለስ ቃል የለም። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። እማማ ፌቨን ጥቁሩን መስታወት እያዩ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሄራን መጥታ በአቶ ሚኪያስ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ደብሪቱም ልሂድ አላለችም።

ሦስቱም አምባሮች ቀይ በሩ። ቁልቁል ያየ ሰው አልነበረም።